ውሃ የማይጠጡት ልጆች

አጎቴ የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር ነው። ያሳደገኝም፣ ያስተማረኝም፣ አንደኛ ክፍል እንግሊዝኛ እንዳስተምር የቀጠረኝም እሱ ነው። ስለዚህ ሌሎቹ አስተማሪዎች ከጀርባው የሚያሙትን ሕግ እኔ አፌን ሞልቼ አስከብር ነበር። ሕጉ በየክፍሉ በር ላይ ተለጥፏል። መውጣት የፈለገ ልጅ «ሜይ አይ ጎ አውት፣ ፕሊስ» ብሎ ሳይሳሳት መጠየቅ አለበት። «ካን አይ» ካለ ወደ ወንበሩ ይመለሳል፤ «መስት» ካለም እንደዚያው። በእናቱ ቋንቋ የለመነማ ጭራሽ የሚሰማው የለም።

ማስተማሩን እችልበታለሁ፤ ይሄን እንኳ አትንፈጉኝ። «ካን»ን በዝላይ ነው የማስተምረው። አርባ ልጅ «አይ ካን ጀምፕ!» እያለ ሲዘል ከእኛ በታች ባለው ፎቅ ያለችው ጸሐፊ ጣሪያው የሚወርድባት ይመስላታል። «መስት»ን እጅ እያስታጠብኩ፣ «ሹድ»ን አፍንጫ እያስጠረግኩ አስተምራለሁ። «ሜይ»ን ግን ያስተምርልኝ ብዬ ለበሩ ሕግ ትቼው ነበር፤ አሁንም ሳስበው እንደ እሳት ያቃጥለኛል።

ሕጉም የሠራ መሰለኝ። በሁለተኛው ወር መውጣት የሚጠይቅ ልጅ ጠፋ። አጎቴ በስብሰባ መሃል አስነስቶ አመሰገነኝ፣ እኔም ደረቴን ነፋሁ።

አንድ ሰኞ ጠዋት የሚጢጢ እናት መጣች። ሚጢጢ የምንላት ከክፍሉ ሁሉ በቁመት የምታንሰውን ልጅ ነው። እናቷ ልብስ ሰፊ ናት፤ ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች ነው የደረሰችው።

«ቲቸር፣ ላስቸግርሽ» አለችኝ። «ልጄ እዚህ ውሃ አትጠጣም።»

«እንዴት አትጠጣም?»

«ኮዳዋን እንደሞላ ትመልሰዋለች። ቤት ስትገባ ጆጉን አንስታ ነው የምትጨልጠው። የሽንት ቧንቧዋ ታሟል፤ ሐኪሙ ውሃ ካልጠጣች ወደ ኩላሊቷ ይሄዳል ብሎኛል። ምነው ስላት፣ ከጠጣሁ ሽንቴ ይመጣል፣ እንግሊዝኛው ደግሞ ይጠፋኛል አለችኝ። ነገሩ ካልተስተካከለ ላስወጣት ነው።»

የዚያን ቀን ልጆቹ ሊወጡ ሲሰለፉ ኮዳቸውን አንድ በአንድ እየተቀበልኩ መዘንኩ። አሥራ ዘጠኙ እስከ አፉ ሙሉ ነበር። እኔ ጨዋ ሆኑልኝ ብዬ ስኩራራ ልጆቹ ለካ ጥማቸውን ዋጥ አድርገው ነው የሚውሉት።

አጎቴ ቢሮ ገባሁ።

«ጋሼ፣ ልጆቹ ሆን ብለው እየተጠሙ ነው። ሕጉ ይነሳ።»

ቀና እንኳ አላለም። «ይለምዱታል። አንቺስ በዚሁ አይደል ያደግሽው? ዓርብ የወላጅ ኮሚቴ ይመጣል፣ እንዳታሳፍሪኝ።»

ደሜ ፈላ። ያናደደኝ ደግሞ እውነቱን መሆኑ ነው፤ ለምጄው ነበር።

በማግስቱ ወረቀቱን ከበሩ ላይ ገንጥዬ ልጆቹ ፊት ቀደድኩት።

«ከዛሬ ጀምሮ ሽንቱ የመጣ በፈለገው ቋንቋ ይንገረኝ» አልኳቸው። «መናገር ያቃተው ዝም ብሎ ይሂድ።»

ማንም አላመነኝም። «ሜይ»ን በላጲስና በቀለም እርሳስ እንደ አዲስ ጀመርነው። አንዱ ይጠይቃል፣ የተጠየቀው ከፈለገ ይሰጣል፣ ካልፈለገ «ኖ» ይላል። እምቢ ማለት ሲፈቀድላቸው ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ፤ በሁለት ቀን ውስጥ የሚሳሳት ልጅ ጥቂት ነበር። ሚጢጢ ግን ኮዳዋን ከንፈሯ ድረስ ታነሳና በሩን አይታ መልሳ ታስቀምጠዋለች። ሐሙስ ከሰዓት ሁለት ጉንጭ ጠጣች። ዓርብ ጠዋት ግማሹን።

ዓርብ ረፋዱ ላይ አጎቴ ሦስት ወላጆች አስከትሎ መጣና በሩን ሞልቶ ቆመ።

«ወረቀቱ የት ሄደ?»

«ቀደድኩት።»

«መልሰሽ ለጥፊ።»

«አልለጥፍም።»

ለእሱ እንዲህ ብዬ አላውቅም።

«ሥራሽን ትፈልጊዋለሽ?» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«እፈልገዋለሁ ጋሼ። ግን አልለጥፍም። ብታባርረኝ ለእነዚህ ወላጆች ለምን እንደተባረርኩ እዚሁ እነግራቸዋለሁ።»

ይሄኔ ሚጢጢ ከወንበሯ ወርዳ ቀጥ ብላ አጎቴ ፊት ሄዳ ቆመች። አጎቴ ለእንግዶቹ ፈገግ ብሎ ጎንበስ አለላት።

«ዬስ? ሜይ...?» ብሎ ጀመረላት።

«ጋሼ፣ ያሳልፉኝ። ሽንቴ መጥቷል።»

አጎቴ ቀና ብሎ አየኝ።

«ያሳልፉኝ አልኩ እኮ!» አለች ጮክ ብላ።

አጎቴ ወደ ጎን አለ። ሚጢጢ በክንዱ ሥር አልፋ ወጣች። ከኋላዋ አንድ ልጅ ተነሳ፣ ከዚያ ሦስት፣ ከዚያ የክፍሉ ግማሽ። ወላጆቹም መንገድ እንዳይዘጉባቸው ግድግዳውን ተጠግተው ቆሙ።