ንጉሡ አልተሰቀለም

ጠቡ የተነሳው በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ፣ ማንም አይቶት በማያውቀው ሩቅ አገር ታሪክ ነው።

ናጃህ ቡታጅራ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታሪክ ታስተምራለች። አባቷ የሞተው በአሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ከዚያ በኋላ ያሳደጓት፣ ያስተማሯትና ዩኒቨርሲቲ የላኳት የአባቷ ታላቅ ወንድም ሀጂ ሙሀመድአወል ናቸው። ሀጂ የበርበሬ ነጋዴ ቢሆኑም የተከበሩት ግን በበርበሬያቸው አይደለም። ለቅሶም ሆነ ሠርግ ላይ ተነስተው የጎሳውን የዘር ሐረግ ከራሳቸው እስከ ሼህ ነስሮ ድረስ፣ አሥራ አራት አባት ሳይሳሳቱ የሚቆጥሩት እሳቸው ብቻ ናቸው። ሼህ ነስሮ ከመካ ተነስቶ፣ ባሕር ተሻግሮ፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ያለው ኮረብታ ላይ ሲደርስ በትሩን ተከለ፤ በትሩ ለምልሞ ወይራ ሆነ። ኮረብታው ያን ጊዜ ባዶ ነበር፣ ሰው አልነበረበትም። ታሪኩ ይኸው ነው። ሕፃን ሁሉ ያውቀዋል።

የዚያን ቀን ርዕስ የምዕራብ አፍሪካ መንግሥታት ነበር። መማሪያው ዮሩባዎችን በአንድ አንቀጽ ስላለፋቸው ናጃህ ከራሷ ጨመረችበት።

«ዮሩባዎች ዓለም መጀመሪያ ውሃ ብቻ ነበረች ይላሉ» አለች። «ኦዱዱዋ የሚሉት አባታቸው ከሰማይ በሰንሰለት ወረደ። አፈር በቀንድ አውጣ ቅርፊት ይዞ ነበር፣ አምስት ጣት ያላት ዶሮም ይዞ ነበር። አፈሩን ውሃው ላይ አፈሰሰ፣ ዶሮዋ ጫረችው፣ የጫረችበት ሁሉ መሬት ሆነ። ቦታው ኢፌ ይባላል።»

ተማሪዎቹ ሳቁ።

«ቆይ፣ አትሳቁ። ሌሎቹ ደግሞ አይደለም፣ ኦዱዱዋ ከመካ በኩል የመጣ የንጉሥ ልጅ ነው፣ በሃይማኖት ተጣልቶ ተሰዶ ነው ይላሉ። ሁለቱም አፈ ታሪክ ነው። ግን በራሳቸው በዮሩባዎች ወሬ ውስጥ ከኦዱዱዋ በፊት እዚያው የነበሩ ሰዎች አሉ። መሬታቸውን የተነጠቁ።»

ከዚያ ስለ ኦራንሚያን ነገረቻቸው። የኦዱዱዋ ልጆች ውርስ ሲካፈሉ የሁሉም ታናሽ ኦራንሚያን ዘመቻ ላይ ነበር። አንዱ ከብቱን ወሰደ፣ አንዱ ዶቃውን፣ አንዱ ልብሱን፣ አንዱ ዘውዱን። ኦራንሚያን ሲመለስ የቀረው ባዶ መሬት ነው። «መልካም» አለ፤ «መሬቱ የኔ ከሆነ የቆማችሁት በኔ ላይ ነውና ገብሩልኝ።» የኦዮን መንግሥት የመሠረተው እሱ ነው ይባላል። በትሩም ድንጋይ ሆኖ እስከ ዛሬ ኢፌ ላይ ቆሟል ይላሉ።

የሀጂ ሙሀመድአወል የመጨረሻ ልጅ ሙባሪክ እጁን አወጣ።

«ቲቸር፣ በትር? የሼህ ነስሮም በትር ነው። የነሱ ተረት ከሆነ የኛስ?»

ደወል ሊደወል አምስት ደቂቃ ቀርቶት ነበር። ናጃህ ነገሩን ማለፍ ትችል ነበር።

«የኛም እንደነሱ ይጠየቃል» አለች። «ሼህ ነስሮ ሲመጣ ኮረብታው ላይ ማን ነበር?»

«ማንም!»

«ማንም ካልነበረ መቃብር በተቆፈረ ቁጥር ከወይራው ሥር የሚወጣው የሸክላ ስባሪ የማን ነው?»

ተማሪዎቹ አንድ በአንድ ዞረው የመጨረሻው ዴስክ ላይ ብቻዋን የተቀመጠችውን ዛህራን አዩ። ዛህራ የወንዝ ዳር ልጅ ናት። እናቷ ሰፍያ ማሰሮና ምጣድ እየሠራች ትሸጣለች። ወንዝ ዳሮቹ እንደ ጎሳው ሰዎች ይሰግዳሉ፣ እንደነሱ ይጾማሉ፤ የጎሳው ሰዎች ግን ከነሱ ጋር አይጋቡም፣ በሌሉበትም «ጭቃዎቹ» ይሏቸዋል። ዛህራ ደብተሯ ላይ አቀረቀረች። ቀና ብላ ናጃህን ያየቻት ደወሉ ከተደወለ በኋላ ነው። አስተያየቷ የምስጋና አልነበረም።

ወሬው ከተማሪዎቹ ቀድሞ ገበያ ደረሰ። አንዱ «መካን የጣዖት አገር አለች» አለ። ሌላው «ሼህ ነስሮ ጭቃ ሠሪ ነበር ብላለች» አለ። ከሰዓት በኋላ ሀጂ አስጠሯት።

መጋዘናቸው ውስጥ በርበሬው እስከ ጣሪያ ተከምሯል። ሰላምታዋን አልመለሱላትም፤ ተቀመጪም አላሏት።

«ምን ብለሽ ነው ልጆቹን ያስተማርሽው?»

«ያልኩትን ሙባሪክ ነግሮዎታል።»

«እኔ ካንቺ አፍ ነው የምፈልገው!»

ነገረቻቸው። እስክትጨርስ አላቋረጧትም። ከዚያ ተነስተው በሩን ዘጉት።

«አባቴ የነገረኝን እርስዎም ያውቁታል» አለች ናጃህ። «ሼህ ነስሮ ብቻውን ነው የመጣው። ያገባት እዚያው ያገኛትን የወንዝ ዳሮቹን ልጅ ነው። ያን ጊዜ እነሱ የሚኖሩት ኮረብታው ላይ ነበር፣ ወደ ወንዙ ያወረዷቸው የልጅ ልጆቿ ናቸው። አባቴና እርስዎ ይህን የሰማችሁት ካንድ አያት አፍ ነው።»

«ውሸት ነው አልኩሽ?»

«አላሉም።»

«እውነት ነው አልኩሽ?»

«አላሉም።»

«አይነገርም ነው የምልሽ!» ድምፃቸው ተሰነጠቀ። «አባትሽ ለምን እንደነገረሽ አላህ ይወቀው። ለኔ የተነገረኝ እንድቀብረው ነው። ሰልሚያን ሽማግሌ ልከው የጠየቋት ሰዎች ነገ 'ጭቃ አለባችሁ' ቢሉኝ ምን እመልሳለሁ? አንቺ ትመልሺልኛለሽ?»

ሰልሚያ የሀጂ ልጅ ናት። ከናጃህ ጋር በአንድ አልጋ ላይ ነው ያደጉት።

«ቅዳሜ የወላጆች ስብሰባ አለ» አሉ ሀጂ። «ቆመሽ ተሳስቻለሁ ትያለሽ። ኮረብታው ላይ ማንም አልነበረም ትያለሽ። ካላልሽ የማደርገውን አውቃለሁ።»

በማግስቱ ክፍል ስትገባ ወንበሮቹ ግማሽ ባዶ ነበሩ። ዛህራም አልመጣችም። ናጃህ ያቋረጠችውን ቀጠለች።

«ከኦራንሚያን በኋላ ልጁ አጃካ ነገሠ። የዋህ ስለነበር ናቁት። ከሱ ቀጥሎ ወንድሙ ሻንጎ መጣ። ሻንጎ ሲናገር ከአፉ እሳት ይወጣ ነበር ይባላል። አንድ ቀን በገዛ አስማቱ መብረቅ ጠራና የራሱን ቤተ መንግሥት፣ ሚስቶቹንና ልጆቹን አቃጠለ። አፍሮ ከአገር ወጣ፣ ዛፍ ላይ ራሱን ሰቀለ። ያየ አይቷል። ወዳጆቹ ግን 'ተሰቀለ' ያለውን ሁሉ ቤቱን መብረቅ መታው አሉ። እሳቱን ከሰማይ ያወረዱት ይሁን በእጃቸው የለኮሱት፣ ማን ያውቃል? በመጨረሻ አገሩ በሙሉ በአንድ አፍ 'ንጉሡ አልተሰቀለም' አለ። ዛሬም ሻንጎ የመብረቅ አምላክ ተብሎ በዚሁ ቃል ይወደሳል።»

ሙባሪክ ደብተሩን ሰብስቦ ተነሳ። «አባቴን ነው የምትሰድቢው» አለና ወጣ። ሦስት ልጆች ተከተሉት።

ርእሰ መምህሩ አቶ ሀብተጊዮርጊስ ከሰሜን መጥተው ቡታጅራ ከከተሙ ሃያ ዓመት አልፏቸዋል። ቢሯቸው ጠርተው «ተሳስቻለሁ» የሚል የተተየበ ወረቀት ሰጧት።

«እኔ በእናንተ የጎሳ ነገር ውስጥ የለሁበትም» አሉ። «እንግዳ ነኝ። ይህን ብቻ አንብቢና ይብቃ። አራት መስመር ናት።»

«ሃያ ዓመት ኖረው እንግዳ ነኝ ይላሉ?»

«እንግዳ በመሆኔ ነው ሃያ ዓመት የኖርኩት፣ ልጄ።»

ቅዳሜ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ሀጂ ከፊት ተቀመጡ። ናጃህ ወረቀቱን ይዛ ስትቆም ልታነበው ወስና ነበር፤ ይህን በኋላ ራሷ ተናግራለች። ደክሟት ነበር። ሰልሚያንም አስባ ነበር። የመጀመሪያውን መስመር ስትጀምር ከኋላ አንድ ሰው ጮኸ፦

«ጭቃዎቹ ናቸው ከፍለው ያናገሯት! ዱሮም አባቷ እነሱ ቤት ይበላ ነበር!»

ሰው አጉረመረመ። ናጃህ ሀጂን አየቻቸው። የወንድማቸው ስም ነው የተነሳው። አንድ ቃል ቢናገሩ ይበቃ ነበር። ሀጂ መሬት መሬት እያዩ ዝም አሉ።

ወረቀቱን አጠፈችው።

«የሼህ ነስሮ ሚስት ወለቴ ትባላለች» አለች። «ሸክላ ሠሪ ነበረች። የሁላችንም እናት ናት። አሥራ አራት አባት ትቆጥራላችሁ፣ አንዲት እናት ግን አትቆጥሩም። ኮረብታውን ሰው የሌለበት ያደረጋችሁት እሷን ከቁጥር አውጥታችሁ ነው።»

አዳራሹ ተተራመሰ። ወንበር ተገለበጠ። አንዲት ሴት «አፍሽ ይዘጋ!» ብላ ጫማዋን ወረወረችባት። ሀጂ ሙሀመድአወል ቀስ ብለው ተነሱ፤ ሰውም ለሳቸው ሲል ዝም አለ።

«ወንድሜ ልጅ አልወለደም» አሉ። «ያሳደግኳት ልጅ ከነበረችም ዛሬ ሞታለች። ቤቴ እንዳትደርስ። ስሞትም ለቅሶዬ ላይ እንዳትቆም።»

ማንንም ሳያዩ ወጡ።

በሚቀጥለው የገበያ ቀን ከወንዝ ዳሮቹ ዕቃ የገዛ ሰው አልነበረም። ጎረምሶች በመካከላቸው እያለፉ ማሰሮዎቹን በእግራቸው ገለበጡ። ናጃህ ይህን ሰምታ ሄደች። ሰፍያ ከተሰባበረው ሸክላ ኋላ ቁጢጥ ብላለች። ዛህራ አጠገቧ ናት።

ናጃህ ጎንበስ ብላ አንዱን ምጣድ ልታነሳ ስትል ሰፍያ እጇን መታቻት።

«አትንኪው!»

«ካንቺ ልገዛ ነው የመጣሁት።»

«ለማን ብለሽ? ለኔ ብለሽ?» ሰፍያ ተነሳች። «ወለቴን የማናውቃት መስሎሻል? እናቴ ወለቴ ናት ስሟ። እህቴም። እኛ ስሟን ለልጆቻችን እያወጣን ነገሩን በሆዳችን ይዘን ኖርን። ዝም ስላልን ነው እዚህ ቁጭ ብለን የምንሸጠው። ንገሪልን ብሎ ማን ላከሽ? አንድ ቀን ቤቴ መጥተሽ ጠይቀሽኛል? ልጄን ብቻዋን ተቀምጣ እያየሻት በክፍል ሙሉ ሰው ፊት አጋለጥሻት!»

«እውነቱ እንዲታወቅ…»

«እውነቱን አንቺ ተናገርሽው፣ የተሰበረው ግን የኔ ዕቃ ነው። ነገ ትዛወሪያለሽ፤ ደሞዝሽ ይከተልሻል። እኔ ወዴት እዛወራለሁ?»

ናጃህ ወደ ዛህራ ዞረች። «ሰኞ ትምህርት ቤት ነይ፣ እኔ…»

«ሂጂልን፣ ቲቸር» አለች ዛህራ። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «ሰው እያየን ነው።»

ናጃህ ሄደች። ወደ ቤቷ ስትመለስ እውነቱን በመናገሯ አላፈረችም፤ ያሳፈራት ያልጠየቀችው ነገር ነበር። ባስተማረችበት ስድስት ዓመት ሙሉ ሌላ አገር ማን እንደነበረ ስትጠይቅ ኖራ፣ ወንዙን ተሻግራ አንዲት ሴት ጠይቃ አታውቅም።

የዝውውር ደብዳቤዋ ከሁለት ሳምንት በኋላ መጣ። «ለሥራው ቅልጥፍና ሲባል» ይላል። የተመደበችው ወልቂጤ አጠገብ ጉብሬ ነው። የሸክላው አድማ እስከ አረፋ ዋዜማ ቆየ። በዓሉ ሲደርስ ማሰሮና ምጣድ ያስፈልጋልና ሴቶቹ አንድ በአንድ ወደ ወንዝ ዳር ወረዱ። ይቅርታ የጠየቀ የለም፤ በዋጋ ግን እንደ ድሮው አልተከራከሩም። ዛህራ ወደዚያ ትምህርት ቤት አልተመለሰችም። እናቷ ሌላ ቀበሌ አስመዘገበቻት፤ ለመሄድ ብቻ አንድ ሰዓት ተኩል በእግሯ ትጓዛለች።

ሰልሚያን የጠየቁት ሰዎች ጥያቄውን እንደተዉት በሽማግሌዎቻቸው መልሰው ላኩ። ምክንያት አልሰጡም። መስጠትም አላስፈለጋቸውም። ሀጂ የፈሩት ነገር ፍርሃት ብቻ አልነበረም።

በክረምቱ መጨረሻ ሙባሪክ ስልክ ደወለ። ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ የመጀመሪያው ነው።

«አባቴ ታሟል። ከሌላ ሰው ሰምተሽ እንዳትመጪ ብዬ ነው የደወልኩት። እንዳትመጪ» ብሎ ዘጋው።

በማግስቱ በጠዋት ሚኒባስ ተሳፍራ ቡታጅራ ገባች። በረንዳው ላይ ጠያቂዎች ተቀምጠዋል። ሰላም ስትላቸው ሁሉም ወደ ስልካቸው ወይም ወደ ጫማቸው አዩ። በሩን የከፈተችው ሰልሚያ ናት። ከስታለች። ፊት ለፊት ቆመው ተያዩ።

«እንዴት ናቸው?» አለች ናጃህ።

«በሕይወት አሉ።»

«ላያቸው?»

«አንቺ ሞተሻል ተብሏል እኮ» አለች ሰልሚያ። «የሞተ ሰው በሽተኛ አይጠይቅም።»

በሩ ተዘጋ፤ ከውስጥም መወርወሪያው ተገፋ። ናጃህ አጥሩ ጥግ ያለ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። የዙህር ሶላት አለፈ፤ የአስርም። ሰዎች ገቡ፣ ሰዎች ወጡ፤ ማንም ውሃ አላቀረበላትም፣ ማንም ሂጂም አላላትም። የመጨረሻው የወልቂጤ መኪና እንዳያመልጣት ስትነሳ ቀሚሷን አራገፈችና በመስኮቱ በኩል ጮክ ብላ «አላህ ያሽርዎት፣ አባባ» አለች። ከውስጥ ረጅም ሳል ተሰማ።

ሀጂ ሙሀመድአወል ዳኑ። ከናጃህ ጋር ግን እስከ ዛሬ አልተነጋገሩም።