ዝናብ የሚፈራው ጉማሬ እንደገና ሲሣል

ሽፈራው ስትሮክ መትቶት ጄኔቫ ሆስፒታል ውስጥ ሲነቃ ስለ እግሩ አልጠየቀም። ቀኝ እጁ እንደ ሌላ ሰው ዕቃ አልጋው ላይ ተጋድሞ አየና ሚስቱን ተናኘወርቅን፣ «ይሄ ነገር ይመለሳል አሉሽ?» አላት።

«ቀስ እያለ» አለችው። ስትዋሽ ፊቷን ወደ መስኮት እንደምታዞር ያውቃል። ወደ መስኮት ዞረች።

ያ እጅ አዲስ አበባ፣ በወጣትነቱ፣ «ዝናብ የሚፈራው ጉማሬ» የሚል የልጆች መጽሐፍ ጽፏል፤ ሥዕሎቹንም ሥሏል። ዝዋይ ሐይቅ ውስጥ እስከ አንገቱ ተነክሮ ውሎ፣ ዝናቡ ጠብ ማለት ሲጀምር ዛፍ ሥር ስለሚሮጥ ጉማሬ ነው። ስንት ልጅ ፊደል ቆጥሮ ሲጨርስ መጀመሪያ ያነበበው ያንን ነው። ሽፈራው ከዚያም በኋላ ለልጆች ብዙ ጻፈ፤ መንገድ ላይ የሚያገኘው ሰው ግን «የጉማሬው አባት» ነበር የሚለው።

ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ የሚሥልበት ጋዜጣ ሲዘጋ፣ ባልደረቦቹም ሲታሰሩ፣ ከሚስቱ ጋር አገር ለቆ ወጣ። የመጽሐፉ ዋና ሥዕሎች ዘመድ ቤት ቀርተው ነበር፤ ቤቱ ሲፈርስ አብረው ጠፉ። ጄኔቫ ዳር ሜራን በሚባል ሰፈር ቤት ተከራይተው፣ እሱ እዚያው አቅራቢያ ግራንድ ሳኮኔ አንድ ካንቲን ውስጥ ሰሃን እያጠበ፣ በእረፍት ቀኑ ለጎረቤት ልጆች እየሣለ ኖረ። እጁ እስኪከዳው ድረስ።

ሆስፒታል ውስጥ እጅ የምታለማምደው ባለሙያ ሠዓሊ መሆኑን ስትሰማ ወፋፍራም የሰም ከለሮች አመጣችና አንዱን በግራ እጁ አስጨበጠችው። «ቀኙ እስኪመጣ ይሄኛው ይማር» አለችው። መስመር ለማስመር ሞከረ፤ መስመሩ ተንቀጠቀጠበት። ከለሩን አስቀመጠው። ቤቱ ከገባ በኋላም ተናኘወርቅ ጠዋት ጠዋት ወረቀት ትዘረጋለታለች፤ እሱም ለእሷ ሲል ትንሽ ጫር ጫር አድርጎ ይተወዋል።

እንዲህ እያለ ከዙሪክ ስልክ ተደወለለት። የደወለችው ሰዓዳ የምትባል የደሴ ልጅ ናት። ዙሪክ አየር ማረፊያ አጠገብ፣ ክሎተን፣ ለአውሮፕላን ምግብ የሚያዘጋጅ ድርጅት ውስጥ ትሠራለች፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ እዚያ ለተወለዱ ልጆች አማርኛ ታስተምራለች።

«ጋሽ ሽፈራው፣ ጉማሬውን እንደገና ልናሳትመው አስበን ነበር። ያለን ግን ፎቶኮፒ ብቻ ነው፤ ሥዕሉ አይታይም። እንደገና ይሥሉልን ይሆን?»

በስልክ እምቢ ማለት ከበደው። «መጥቼ ላነጋግርሽ፣ ልጄ» አላት።

ባልና ሚስት በባቡር ዙሪክ ገቡ። ሰዓዳ ጣቢያ ተቀበለቻቸው። ትራም ውስጥ ሽፈራው የሞተውን እጁን በደህናው አንሥቶ አሳያትና፣ «የሚሥለው ይሄ ነበር» አላት።

 ሰዓዳ የመጽሐፉን የመጀመሪያ ገጽ በቃሏ አለችለት። «ጉማሬው ውሃ ውስጥ ተወለደ፤ ውሃ ውስጥ አደገ። ከሰማይ የሚወርደውን ውሃ ግን አያምነውም ነበር።» ቀጥላም፣ «አባታችን የሞተ ዓመት ወንድሜ ነቢል እያነበበልኝ ነው መጀመሪያ የሳቅኩት። ባይሥሉም ግድ የለም፤ መጥተው ያንብቡላቸው» አለችው።

ሽፈራው አንገቱን ወደ ውጭ አዞረ። ያንን ገጽ ሲጽፍ እንዲህ ያለ የሐዘን ቤት ይገባል ብሎ አስቦ አያውቅም።

ሰዓዳ የምታስተምርበት ክፍል ሲደርሱ ፎቶኮፒውን ለልጆቹ አነበበላቸው። ሊሊ የምትባል ሰባት ዓመት የሆናት ልጅ አቋረጠችው።

«ጉማሬ ማለት ኒልፕፌርድ ነው?»

«አዎ፣ በጀርመንኛ እንደሱ ነው» አለች ሰዓዳ።

«አንተ ሣለው» አለችው ሊሊ።

«ይሣሉልን ነው የሚባለው» ብላ ሰዓዳ ልታርማት ስትል ሽፈራው፣ «ተያት» አላት። ለመሣል ግን አልተነሣም። ተናኘወርቅ ከለሮቹን ከቦርሳዋ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ደረደረችለት፤ ወረቀቱንም እንዳይሸሽ በሁለት እጇ ያዘችለት። ልጅ ሁሉ ከቦት ቆመ። በግራ እጁ ጀመረ። የጉማሬው ጀርባ ወጣ ገባ አለ፤ ጆሮዎቹም አንዱ ትልቅ፣ አንዱ ትንሽ ሆኑ። ሽፈራው አፈረ፤ ወረቀቱን ሊገለብጠው ሲል ሊሊ ክንዱን ያዘችው።

«እየተንቀጠቀጠ ነው» አለች። «ዝናብ መጣ። ፈርቷል።»

ሌሎቹም ዝናቡን ለመሣል ከለር መሻማት ጀመሩ።

ሽፈራው ሥዕሉን ደግሞ ደጋግሞ አየው። በቀድሞው መጽሐፍ ፍርሃቱን የሚናገረው ጽሑፉ ነበር፤ ጉማሬው ራሱ ግን ንቅንቅ በማይል የብዕር መስመር ተሥሎ ተዝናንቶ ነበር የቆመው። አሁን ፍርሃቱ ቆዳው ላይ ወጥቷል። ስትሮክ ከመታው ወዲህ እንደዚያን ቀን ስቆ አያውቅም። ተናኘወርቅም ሳቀች፤ ሳቋ ግን ቶሎ ወደ እንባ ዞረ።

«እሥለዋለሁ» አላት ለሰዓዳ። «ትታገሺኛለሽ እንጂ።»

ክረምቱን ሙሉ ሣለ። መጽሐፉ ታትሞ ዙሪክ ሲመረቅ ንግግር አድርግ ተባለ። ንግግር አያውቅበትም። እጁን ታለማምደው የነበረችውን ባለሙያ፣ ሰዓዳን፣ በዓይኑ አይቶት የማያውቀውን ነቢልን፣ ሊሊን እያነሣ አመሰገነ። ተናኘወርቅ ላይ ሲደርስ ዞሮ እጇን ሳመና ተቀመጠ።

ቀኝ እጁ እስከ ዛሬ አልተመለሰም። ሰው ሲጠይቀው፣ «ተመስገን፣ ግራው አለልኝ» ይላል። ሰሞኑን ትራም መሳፈር ስለምትወድ ኤሊ አዲስ መጽሐፍ ጀምሯል። ተናኘወርቅ ኤሊዋ አረንጓዴ ትሁን ትላለች፤ እሱ ቡናማ ይላል። ገና አልተስማሙም።