ኦርጅናሉና የእንጀራ ልጁ

፩

…ከዚያ አባ ኮዳው ክንፉን ዘረጋና ሌንሱ ወደቀ።


፪

ቀስ ብለን እንጀምር።

አባ ኮዳ ማለት ሐዋሳ ሐይቅ ዳር፣ ዓሣ ገበያው አጠገብ፣ ጡረታ እንደወጣ ዳኛ ክንፉን ወደኋላ አጣምሮ የሚንጎራደደው ራሰ በራ ወፍ ነው። ሙሽራው «ከእሱ ጋር ካላነሣሽኝ» አለ። ወፉን የጠየቀው አልነበረም። የሠርግ ፎቶ አንሺዋ ትርሲት ሽብሩ ሌንስ ልትቀይር አንዱን ፈትታ፣ ሌላውን ብብቷ ሥር ይዛ ሳለ፣ ወፉ ድንገት ብድግ አለ። እሷም ደንግጣ ክንዷን አነሣች።

ሌንሱ ድንጋይ ላይ አረፈ።

የወደቀው ፊት የምታነሣበት ሌንሷ ነው። በሙያው ቋንቋ «ሰማንያ አምስት» ይሉታል፤ ከጀርባ ያለውን ግርግር አደብዝዞ ፊትን ብቻ ያጎላል። ሙሽሪት «አይዞሽ» አለቻት። ሙሽራው ሳቁን ዋጠ። ወፉ ተመልሶ መጥቶ የተሰባበረውን መስታወት ገልመጥ አደረገና የሚበላ አለመሆኑን ሲያረጋግጥ ሄደ።


፫

(ስልክ። ናትናኤል አዲስ አበባ የካሜራ ሱቅ አለው፤ ፎቶ አብረው ተምረዋል።)

ትርሲት፦ ሰማንያ አምስት አለህ?

ናትናኤል፦ ኦርጅናል ወይስ የእንጀራ ልጅ?

ትርሲት፦ ፌኩን ማለትህ ነው?

ናትናኤል፦ ኧረ ስሙን አታጥፊ! ፌክ የሰው ስም የሰረቀ ነው። ይሄ የራሱ ስም፣ የራሱ ኩባንያ፣ የራሱ ዋስትና አለው። ካሜራሽን የወለደው ኩባንያ አልወለደውም እንጂ አብሮ ይኖራል።

ትርሲት፦ ይስማማሉ?

ናትናኤል፦ አብዛኛውን ጊዜ። ኦርጅናሉ ፈጣን ነው፤ አቧራና ጠብታ አይበግረውም። የእንጀራ ልጁ የሰውን ዓይን ፈልጎ ጥርት አድርጎ እስኪይዝ ትንሽ ያመነታል። ግን በኦርጅናሉ ዋጋ እሱንና አንድ ያገለገለ ትርፍ ካሜራ እሰጥሻለሁ።

(ትርሲት ቀን መቁጠሪያ ታያለች።)

ናትናኤል፦ አለሽ?

ትርሲት፦ የእህቴ ሠርግ እኮ እሑድ ነው።

ናትናኤል፦ ሁለቱንም በነገው መኪና እልክልሻለሁ። ሞክሪና አንዱን መልሺልኝ።


፬

ሌንስ መምረጥ ለምትፈልጊ፦

ሌንስ በወረቀት ላይ አይመረጥም። ፊት ፈልጊ። የሕፃን ፊት አይሁን፤ ሕፃንን ማንኛውም ሌንስ ያሳምረዋል። መስመር ያለበት ፊት፣ ፀሐይ የመታው፣ ብዙ መንገድ ያየ ይሁን። በመስኮት ብርሃን አስቀምጪው። ሁለቱንም ሌንስ በተራ ሞክሪበት።

እንዲህ ያለ ፊት ቤትሽ ውስጥ ካለና ባለቤቱ ፎቶ አልነሣም ካለስ?

እንግዲህ የትርሲት ችግር ይህ ነበር።


፭

አባቷ አቶ ሽብሩ ዕድሜውን በሙሉ የሕዝብ ማመላለሻ አውቶቡስ ሲነዳ ኖሮ ጡረታ ወጥቷል። በዓለም ላይ ሁለት ዓይነት ነገር አለ ብሎ ያምናል፤ ኦርጅናልና መከራ። ፍሬን፣ ዘይት፣ ዲናሞ፣ ሁሉም ኦርጅናል ካልሆነ «ዳገት ላይ ይከዳሃል»።

አምና የፊት ጥርሶቹ አለቁ። ልጆቹ ሰው ሠራሽ አሠሩለት። ምን የመሰለ ጥርስ! አንድ ቀን አደረገውና በመስታወት አየው።

«ኦርጅናል አይደለም» አለ።

ከዚያ ወዲህ ጥርሱ በብርጭቆ ውስጥ፣ እጁ ደግሞ አፉ ላይ ይውላል። ሲስቅ በእጁ ይሸፍናል። ካሜራ ሲያይ ከክፍሉ ይወጣል። የፊታችን እሑድ ለምትዳረው ለታናሽ ልጁ ለማዕዶትም ቁርጡን ነገራት፦ «እመርቅሻለሁ፣ እሸኝሻለሁ፣ ፎቶው ላይ ግን አትፈልጊኝ።»

ማዕዶት ጓዳ ገብታ አለቀሰች። «እማዬ የለችም» አለች ለትርሲት። «አባዬም ከሌለ አልበሙን የሚያይ ሰው ምን ይላል? ሜዳ ላይ የበቀልን ነው የምንመስለው።»

«ትንሽ ታገሺኝ» አለች ትርሲት። ምን እንደምታደርግ ግን አላወቀችም ነበር።


፮

ሙከራ፦ ኦርጅናል

ዕቃው በማግስቱ ደረሰ። ትርሲት አባቷ ወዳለበት ገባች።

«አባዬ፣ ለዕቃ ሙከራ ነው። ፎቶ አይደለም።»

«ካሜራ ይዘሽ?»

«መለዋወጫ ልገዛ ነው። ኦርጅናሉን ከሌላው ለይልኝ።»

መለዋወጫ የሚለው ቃል ሠራ። አቶ ሽብሩ መስኮቱ ሥር ተቀመጠ፤ እጁን ግን ከአፉ አላነሣም። ትርሲት ኦርጅናሉን ገጠመች። ሌንሱ ድምፅ እንኳ ሳያሰማ ዓይኑን ያዘው። እያንዳንዷ የቅንድብ ፀጉር ተቆጠረች። ግንባሩ ላይ ያሉት መስመሮች የመንገድ ካርታ መስለው ቁጭ አሉ።

ደጋግማ አነሣች። ሁሉም ጥርት ያሉ። በሁሉም ላይ አፉን የሸፈነ ሰውዬ።

«አየሽ ኦርጅናል?» አለ ከእጁ ጀርባ። «ውልፍት የለም።»


፯

ሙከራ፦ የእንጀራ ልጅ

ሌላውን ገጠመች። ሌንሱ ወደፊት ሄደ፣ ወደኋላ ተመለሰ፣ ትንሽ አጉረመረመ፣ ያዘ።

«ምንድን ነው የሚፈልገው?» አለ አቶ ሽብሩ።

«ዓይንህን።»

«እዚሁ ነው ያለሁት በይው! ይሄማ ማርሽ የማይገባለት መኪና ነው። መልሺው፤ ዳገት ላይ ይከዳሻል።»

ትርሲት ካሜራውን ከፊቷ ሳታወርድ፣ «አባዬ» አለች፣ «ያኔ ከዲላ ስትመለስ የተበጠሰብህን የሞተር ቺንጊያ በምን ነበር የተካኸው?»

ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

«ሾፌሮቹ ሁሉ የሚያወሩት እኮ ነው። በምን ነበር?»

«…በስቶኪንግ።»

«የማን ስቶኪንግ?»

«የአንዲት ተሳፋሪ። ሴትየዋ ከቁጥቋጦ ኋላ ሄዳ አውልቃ ሰጠችኝ፣ እግዜር ይስጣትና። ጠምዝዤ አሰርኩት። ሐዋሳ ድረስ አስገባን።»

«እና ኦርጅናል ነበር?»

አቶ ሽብሩ አፉን ከፈተ። ሊቆጣ ነበር።

«ታዲያስ! ሴትየዋ ራሷ ምላ ነግራኛለች፤ ኦርጅናል ስቶኪንግ ነው!»

ከዚያም ሳቁ መጣ። ከሆዱ የተነሣ፣ ትከሻውን የናጠ ሳቅ። ሁለት እጁ ጉልበቱን ለመምታት ስለተፈለገ አፉን የሚሸፍን ጠፋ።

ትርሲት ቁልፉን ተጫነች። ተጫነች። ተጫነች።


፰

ፎቶዎቹን በካሜራው ስክሪን ላይ አብረው አዩ። የመጀመሪያው ፎቶ ላይ ሌንሱ የያዘው ጆሮውን ነው። ጥርት ያለ ጆሮ፣ የደበዘዘ ሰው። ሁለተኛውም ያው። ሦስተኛው ላይ ዓይኑን ይዞታል፤ ዓይኑ እንባ አቅርሯል፣ አፉ እንደ ተከፈተ መስኮት ነው፣ አንድም የፊት ጥርስ የለም።

ትርሲት የሚቆጣ መስሏት ጠበቀች።

አቶ ሽብሩ ካሜራውን ወደ ዓይኑ አቀረበ፣ አራቀ።

«ከእኔ ሌላ የሚያውቀኝ ሰው ሁሉ» አለ በመጨረሻ፣ «እንዲህ ነው የሚያየኝ?»

«ስትስቅ፣ አዎ።»

«መጥፎ አይደለም እኮ።»

«አይደለም አባዬ።»

«ይሄን አታጥፊው። ያንን ጆሮውን አጥፊው።»


፱

እዚህ ላይ፣ ይህን ለምታነቡ፣ ጸሐፊው አንድ ነገር ለማለት ተፈትኗል። «ስለዚህ የእንጀራ ልጁ አሸነፈ፤ ነፍስ ያለው እሱ ነው» ማለት። ደስ ይላል፤ ግን ውሸት ነው። ሰውየውን ያሳቀው ስቶኪንጉ እንጂ ሌንሱ አይደለም። ኦርጅናሉ ተገጥሞ ቢሆን ሦስቱም ፎቶዎች ጥርት ብለው በወጡ ነበር።

ትርሲትም ይህን አልሳተችውም። ሁለቱን ሌንሶች አልጋዋ ላይ ጎን ለጎን አስቀምጣ ያሰበችው ሌላ ነገር ነው። ሐይቁ ዳር ሌንሱ ሲወድቅ ልቧ የቆመው ለሌንሱ አልነበረም። ቀጥሎ የሚወድቀው ካሜራው ቢሆንስ ብላ ነው። ያላት ካሜራ አንድ ነው። የሰው ሠርግ ደግሞ አይደገምም።

የሚያመነታ ሌንስ ሲኖርሽ ደግመሽ ትጫኛለሽ። ካሜራ ሳይኖርሽ ግን ምን ትጫኛለሽ?


፲

(ስልክ።)

ትርሲት፦ ኦርጅናሉን እየመለስኩልህ ነው።

ናትናኤል፦ አልወደድሽውም?

ትርሲት፦ ወድጄዋለሁ እንጂ። ቀን ይውጣልኝ፤ እገዛዋለሁ። አሁን የእንጀራ ልጁን አስቀርቼዋለሁ፤ ትርፉን ካሜራ ላክልኝ።

ናትናኤል፦ አባትሽ ምን አሉ? ኦርጅናል ካልሆነ ይላሉ ስትይኝ አልነበር?

ትርሲት፦ «መንገድ ላይ ለቀረ ሰው ኦርጅናል ማለት የሚያደርሰው ነው» አለኝ።

ናትናኤል፦ ይህን ሱቄ ላይ ልለጥፈው ነው።

ትርሲት፦ አትለጥፍ። ነገ ሐሳቡን ይቀይራል።


፲፩

እሑድ።

ማዕዶት ነጭ ለብሳ ከአዳራሹ ደጅ፣ ዋርካው ሥር ቆመች። ዘመድ ተሰለፈ። ትርሲት ካሜራዋን እንደያዘች በዓይኗ አባቷን ፈለገች። ወንበሩ ባዶ ነበር። ማዕዶትም አየችው፤ ከንፈሯን ነከሰች።

አቶ ሽብሩ ከወደ ሥጋው ድንኳን መጣ፤ በመሐረብ አፉን እየጠረገ። ለዕለቱ አድርጎት የነበረውን ጥርሱን አውልቆ በመሐረቡ ጠቀለለና ኪሱ ከተተው።

«ጥርሱ ለሥጋ ነው» አለ። «ለፎቶ እኔ እበቃለሁ።»

ሄዶ ማዕዶት አጠገብ ቆመ፤ አፉን ሳይሸፍን። ማዕዶት እያለቀሰች ሳቀች፣ ኩሏ ፈሰሰ፣ ማንም አላስተካከለላትም። ትርሲት ደግማ ደጋግማ ተጫነች። ጆሮም ተያዘ፣ የአንዲት አክስት ባርኔጣም ተያዘ። ከዚያ ሁለቱም ፊት በአንድ ላይ ተያዘ።

«በቃ፣ አመሰግናለሁ!» አለች ትርሲት።

ዘመድ ተበታተነ። አቶ ሽብሩ ግን አልተንቀሳቀሰም።

«አንቺስ?»

«እኔ ምን?»

«አልበሙ ውስጥ። እስከ ዛሬ ባነሣሽው ሠርግ ሁሉ ውስጥ አንድ ቦታ አለሽ?»

ትርሲት ሰውን ሁሉ ስታሰልፍ ማን አሰልፏት ያውቃል?

አቶ ሽብሩ ሄዶ ትርፉን ካሜራ ከቦርሳዋ አወጣ። ማንገቻውን እንደ መሪ አዙሮ አንገቱ ላይ አጠለቀው። ትርሲት የእንጀራ ልጁን ፈትታ በእሱ ካሜራ ላይ ገጠመችለት።

«ቁልፏን ግማሽ ድረስ ተጫን አባዬ፤ እስኪይዝ ጠብቅ፤ ከዚያ ሙሉ።»

«መንዳት አስተምሪኛ ደግሞ! ወደዚያ ቁሚ። ትንሽ ወደ እህትሽ። እጅሽን ምን ሆንሽ?»

እጇን የት እንደምታደርገው ጠፋት። በሺህ የሚቆጠር ሰው «ዘና በሉ» ብላ ያዘዘች ሴት፣ ትከሻዋ ጆሮዋ ደረሰ። ማዕዶት ክንዷን አቀፈቻት።

አባቷ አንድ ዓይኑን ጨፈነ።

«ትርሲቴ» አለ፣ «ወደ እኔ እይ።»


፲፪

ፎቶ፦ ሽብሩ (የትርሲት አባት)

ቦታ፦ ሐዋሳ፣ ዋርካው ሥር

ከቀኝ ያለችው፦ ማዕዶት፣ ሙሽራዋ፣ ኩሏ የፈሰሰ

ከግራ ያለችው፦ ትርሲት፣ ወደ አባቷ እያየች፣ ዓይኗ ጥርት ብሎ የተያዘ