አፉ የተለጎመ አሰልጣኝ

አልቫ ክሬገን በኤሜት ሉስክ ይቀና ነበር። አሰልጣኝ በገዛ ተጫዋቹ ይቀናል ወይ ቢሉ፣ ይቀናል እንጂ፤ ያውም አንጀቱ እስኪያር። በጉብዝናው ጊዜ በኦሃዮ የብረት ፋብሪካ ከተሞች እየዞረ፣ በየእሁዱ እየተከፈለው፣ ኳስ በክንድ ታቅፈው የሚሮጡበትን የአሜሪካ እግር ኳስ የተጫወተ ሰው ነው። ያኔ ስሙን የማይጠራ አልነበረም። ጉልበቱ ሲሰበር አንድ ትንሽ ኮሌጅ አሰልጣኝ አድርጎ ወሰደው። አሁን ሕዝቡ የሚጠራው የኤሜትን ስም ብቻ ነው።

በዚያ ላይ የዘመኑ የጨዋታ ሕግ አፉን ለጉሞታል። ጨዋታ ከተጀመረ አሰልጣኝ አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ያያል፤ ወደ ሜዳ አንዲት ምክር ቢወረውር ቡድኑ ይቀጣል። ሜዳ ውስጥ የሚያዘው ኤሜት ነው። ክሬገን የሚችለው ሰው መቀየር ብቻ ሲሆን፣ የወጣ ደግሞ ከአራቱ የጨዋታ ሩቦች በዚያው ሩብ ተመልሶ አይገባም።

የዓመቱ መጨረሻ ጨዋታ ከወንዝ ማዶው ኮሌጅ ጋር ነበር። ሰባት ዓመት አሸንፈዋቸው አያውቁም። በመጨረሻው ሩብ ሁለት ደቂቃ ሲቀር፣ በሦስት ነጥብ ተበልጠው ሳለ፣ ኤሜት ጭቃውን እየሰነጠቀ ኳሷን ከጫፉ መስመር አራት እርምጃ ላይ አደረሳት።

ከክሬገን ጀርባ አንድ ሽማግሌ ጎረቤታቸውን፣ «ይሄ ልጅ እያለ አሰልጣኝ ምን ይሠራል? ወንበር ሊያሞቅ?» አሉ።

«ኧረ ተው፣ እሱም በጊዜው ተጫዋች ነበር።»

«ማን? ይሄ አንካሳ?»

የክሬገን ደም ፈላ። አጠገቡ የተቀመጠውን ተቀያሪ በክርኑ ጎሸም አደረገው።

«ፐርሊ፣ ግባ።»

«በማን ልግባ ኮች?»

«በኤሜት።»

ኳሷን መስመሩን አሳልፈው ለማሸነፍ አራት ሙከራ ነበራቸው። ፐርሊ አራቱንም ጊዜ ጭቃው ላይ ተደፋ። ፊሽካው ተነፋ፤ ተሸነፉ።

ኤሜት መጥቶ ፊቱ ቆመ። «ኮች፣ ምን አጠፋሁ?»

ክሬገን ሊዋሽ አሰበ፤ አልሆነለትም። «ምንም። ስምህን ሲጠሩ መስማት አቃተኝ» አለው።

ወዲያው ሕዝቡ አጥሩን ጥሶ «የት አለ ያስወጣህ? አሳየን!» እያለ ደረሰ።

«እኔ ነኝ አውጡኝ ያልኩት» አለ ኤሜት ጎኑን ይዞ። «ጎኔን መትተውኝ መተንፈስ አቅቶኝ ነበር። ኮች ባያዝኑልኝ እዚያው እቀር ነበር።»

የሰዉ ቁጣ በረደ። «እንዲያ ሆነህ ነው የሮጥከው? አይ ወንድ!» እያሉ በትከሻቸው ተሸክመው ወሰዱት።

ክሬገን ከወንበሩ አልተነሳም። ልጁ ከዱላም፣ ከውርደትም እንዳዳነው ያውቃል። ከሰው ሁሉ በላይ ከፍ ብሎ ሲሄድ ግን አየውና፣ በዚህ ደግነቱም ቀናበት።