ለሦስተኛዋ ቀለም አይቀባም

ወይዘሮ እምቢ ይሏታል። ፊት ለፊቷ አይሏትም እንጂ ከዘበኛው እስከ ዳይሬክተሩ በሌላ ስም የሚያነሳት የለም። የሳተላይቶቹን ካሜራ የምትሠራው መሐንዲስ ናት፤ አንዴ እምቢ ካለች ሰማይ ዝቅ መሬት ከፍ ቢል ንቅንቅ አትልም።

የዚያን ዕለት ጠዋት ሥራ ስትገባ፣ ሳተላይቷ የምትገጣጠምበት ክፍል በር ላይ ሁለት ቀለም ቀቢዎች ባልዲ ከፍተው ሲያማስሉ አገኘቻቸው።

«ምን ልትሠሩ ነው?»

«ግድግዳውን ልናሳምር ነዋ፣ እትዬ። ሚኒስትሩ ሊጎበኙ ይመጣሉ አሉ።»

ደሟ ፈላ። ይፈላ እንጂ፣ ምን ታድርግ!

ነገሩ እንዲህ ነው። አገሪቱ መሬትን ከላይ ሆነው የሚያዩ ሳተላይቶችን ተራ በተራ መላክ ከጀመረች ይቺ ሦስተኛዋ ናት። የመጀመሪያዋን ባዕዳን ሠርተው አስረከቡን፤ የኛ የነበረው የተለጠፈባት ባንዲራ ብቻ ነው። ሁለተኛዋን ግን እነ ወይዘሮ እምቢ ከብሎን እስከ ሌንስ በገዛ እጃቸው ሠሯት። ልትመጥቅ ጥቂት ሲቀራት የክብር እንግዶች ይዩዋት ተባለ፤ ለእንግዳ ደግሞ ቤት ይሰናዳል፤ ክፍሉ ቀለም ተቀባ፣ አማረ፣ ተጨበጨበ። ሳተላይቷ ህዋ ገብታ የላከቻቸው ፎቶዎች ሁሉ ጭጋግ የለበሱ ነበሩ። ወንዙ ከመንገዱ፣ እርሻው ከከተማው አይለይም። ሰዉ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» እያለ ተሳለቀብን፤ እውነቱን ነው።

ወይዘሮ እምቢ ግን እጇን አጣጥፋ አልተቀመጠችም። እዚያው ክፍል ውስጥ የከረመ ትርፍ ሌንስ አንስታ መረመረች። ከትኩሱ ቀለም የተነሳው ትነት፣ በዓይን የማይታይ ስስ ቅባት ሆኖ ተለጥፎበታል። ካሜራዋን ያሳወራት ይኸው ነበር። ለዳይሬክተሩ ነገረችው። ሰማት፣ ራሱን ነቀነቀ፤ ከዚያ ለሕዝብ በተሰጠው መግለጫ «የህዋ ብናኝ ነው» ተባለ። መግለጫውን ያነበበው የመሥሪያ ቤቱ የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ፣ ማለትም የገዛ ባሏ ነው። ያን ሰሞን ቤታቸው ውስጥ ሆድና ጀርባ ሆነው ከረሙ።

አሁን ሦስተኛዋም ጭጋግ ከላከች አራተኛ የሚባል ነገር የለም። ሥራው ይዘጋል፤ የገዛ ወንዛችንን መልክ ለማየት የሰው ደጅ ስንጠና እንኖራለን። ይህን ሁሉም ያውቃል። እያወቁ ነው እንግዲህ ባልዲ ያስመጡት! እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል፤ እነዚህ ግን እባቡ ነድፏቸውም አልበረዩ።

ወይዘሮ እምቢ ነጩን የሥራ ልብሷን ለበሰች፣ ጸጉሯን ሸፈነች፣ ገብታ በሩን ከውስጥ ቀረቀረችው።

ብዙም ሳይቆይ ባሏ እየሮጠ መጣና ከትልቁ መስታወት ማዶ ቆሞ የግድግዳውን ስልክ አነሳ።

«አንቺ ሴት፣ ክፈቺ እንጂ! ሰዎቹ መንገድ ላይ ናቸው!»

«ይምጡ። በመስታወት ይዩ።»

«ግድግዳው እኮ ተላልጦ ቁስል መስሏል! በቴሌቪዥን ሊታይ ነው!»

«አንተ ለቴሌቪዥኑ ካሜራ አስብ፣ እኔ ለዚህችኛዋ።»

«ያባርሩሻል! እማዬን ምን ልንላት ነው?»

«እናትህን ለእኔ ተዋቸው። ከአንተ ይልቅ እኔን ነው የሚሰሙት።»

ይህ እውነት ስለሆነ አንጀቱን አሳረረው። ከኋላው የደረሰው ዳይሬክተር ስልኩን ከእጁ ቀማ።

«ክፈቺ! ይሄ ትእዛዝ ነው!»

«ጌታዬ፣ ቀለም ከተቀባ በኋላ ለሳምንታት ይተናል። ትእዛዝዎን አይሰማም።»

ፈርታለች። ይህን ሥራ ከወጣትነቷ ጀምሮ ስትመኘው የኖረች ናት፤ ሌላ ሙያ አታውቅም፣ ማወቅም አትፈልግም። ያም ሆኖ ከበሩ ፈቀቅ አላለችም።

ሚኒስትሩ ካጀባቸው ሰው ጋር ደረሱ። በመስታወቱ አሻግረው መጀመሪያ ሳተላይቷን፣ ቀጥሎ የተላላጠውን ግድግዳ አዩ። ፊታቸውን ቋጠሩና ስልኩን ተቀበሉ።

«የአገር ኩራት የሚሠራበት ክፍል እንዲህ ይሆናል? ቀለም እንኳ ጠፋ?»

«ክቡር ሚኒስትር፣ ባለፈው አሳምረን ቀብተነው ነበር» አለች። «ፎቶዎቹን አይተዋቸዋል።»

ሚኒስትሩ ወደ ዳይሬክተሩ ዞሩ።

«የህዋ ብናኝ ነው ብላችሁኝ አልነበር?»

ባሏ የገዛ ጫማውን ማየት ጀመረ። ሚኒስትሩ ሌላ ሳይጨምሩ ስልኩን ሰቅለው ወጡ።

ባልዲው ያኔውኑ ከግቢ ተባረረ፤ ከዚያ ወዲህ እዚያ ክፍል አጠገብ ስለ ቀለም ሊያወራ የደፈረ የለም። እሷም ተባረረች። አለቃውን በእንግዳ ፊት ያዋረደ ምሕረት የለውም። ባሏ ተረፈ፤ መግለጫ አንባቢ መቼም ያስፈልጋል።

ሳተላይቷ ስትመጥቅ ወይዘሮ እምቢ እንደማንም ሰው ሳሎኗ ተቀምጣ በቴሌቪዥን አየቻት። አለቀሰችም። አማቷ ጉልበቷን መታ መታ እያደረጉ «አልቅሺ፣ ልጄ፤ ድንጋይ አይደለሽ» አሏት።

የመጀመሪያው ፎቶ የደረሰ ቀን ባሏ የታተመውን ወረቀት ይዞ እያለከለከ ቤት ገባ። ወንዙ ወንዝ ነው፤ ድልድዩ ድልድይ ነው፤ የእርሻው ድንበር አንድ በአንድ ይቆጠራል። ጣቷን በወንዙ ዳር ከላይ እስከ ታች አስኬደች። የጭጋግ ዘር የለበትም።

ስልኳ ጮኸ። ዳይሬክተሩ ነው።

«እንኳን ደስ ያለሽ! ነገ ትልቅ ዝግጅት አለን። ሚኒስትሩ አንቺን ጠይቀዋል፤ ከጎናቸው ቆመሽ ፎቶ ትነሻለሽ። የሥራሽን ነገር እንግዲህ… ቀስ ብለን እናየዋለን።»

«ዝግጅቱ ለእናንተ ይሁን» አለችው። «አራተኛዋን ለእኔ ስጡኝ።»

«ምን አልሽ?»

«አራተኛዋን ሳተላይት። ካሜራዋንም፣ ክፍሏንም። ማን እንደሚገባ፣ ምን እንደሚገባ የምወስነው እኔ ነኝ። ያለዚያ አልመጣም።»

ዳይሬክተሩ መንተባተብ ሲጀምር ዘጋችበት።

ባሏ ራሱን ይዞ ቆሟል። «ምን ነካሽ፣ አንቺ? አሁን እኮ ያባርሩሻል!»

«ተባርሬያለሁ እኮ» አለች፣ ፎቶውን ወደ መስኮቱ ብርሃን እያስጠጋች። «አንድ ሰው ስንት ጊዜ ይባረራል?»