ፑፔት፣ የእናቴ ውሻ

እናቴ ወደ አረጋውያን ማረፊያ ስትገባ ዕቃዋን እህቴ ወሰደች፤ ውሻዋ ለእኔ ደረሰችኝ። ፑፔት ትባላለች። አባቷ ማልቲዝ ከሚባለው የትንንሽ ነጭ ውሾች ዘር ነው ይላሉ፤ እናቷን የሚያውቃት የለም። ክብደቷ አራት ኪሎ አይሞላም፤ ስታለቅስ ግን ድምፅዋ እስከ ምድር ቤት ይሰማል።

እኔ ቤልጅየም፣ ሊየዥ ከተማ ውስጥ በአንድ ሆስፒታል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ነው የምሠራው። ቀኑን ሙሉ እርጥብ አንሶላ ስጎትት እውላለሁ። ጠዋት ገና በሩን ሳልቆልፈው ፑፔት ትጀምራለች። ሬዲዮ ከፍቼላት ሞከርኩ፤ የእናቴን አሮጌ ሹራብ አነጠፍኩላት፤ አልሆነም። ስመለስ ደግሞ እግሬ ሥር እየገባች ትከተለኛለች፤ ሳህን ሳጥብ፣ ልብስ ሳሰጣ፣ ሽንት ቤት ስገባ ሳይቀር።

«እባክሽ አንድ ቦታ እረፊ» እላታለሁ። አትሰማኝም።

ከእኔ በታች የሚኖሩት ሙሴ፣ ማለትም አቶ፣ ኮላር ከብረት ፋብሪካ ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። በሦስተኛው ሳምንት በራቸው ላይ ቆመው ጠበቁኝ።

«ጆዚያን፣ እላይ ቤት ለቅሶ አለ እንዴ?»

«ውሻዋ ናት፤ እናቴ ናፍቃት ነው፣ ሙሴ ኮላር።»

«እኔም ሚስቴ ትናፍቀኛለች። ግን ጎረቤት አልረብሽም።»

ይቅርታ ብዬ ወጣሁና ካፖርቴን ሳላወልቅ አልጋዬ ላይ ወደቅሁ።

እሁድ ፑፔትን እናቴ ዘንድ ወሰድኳት። ሲገናኙ እንዴት እንደሚሆኑ ሳስብ አውቶቡስ ውስጥ እንባዬ መጥቶ ነበር። ፑፔት እናቴን አሸተተቻትና ጅራቷን ሁለቴ ወዘወዘች። እናቴ መነጽሯን ፍለጋ ስትነሳ፣ ውሻዋ ዘወር ብላ አጠገባችን ተቀምጠው የነበሩ አንዲት የማናውቃቸው ሴትዮ ጭን ላይ ወጥታ ተኛች።

«እማ፣ ረሳችሽ እንዴ?»

«ለምን ትረሳኛለች? ድሮም እንዲህ ናት፤ የተቀመጠ ሰው ነው የምትወደው። አንቺ መቼ ተቀምጠሽ ታውቂያለሽ?»

ያን ሁሉ ቀን ለቅሶዋ ሐዘን መስሎኝ አብሬያት ሳዝን ነበር። ተናደድኩ፤ ከዚያ መናደዱም ደከመኝ።

ሰኞ ጠዋት ፑፔትን ታቅፌ የሙሴ ኮላርን በር አንኳኳሁ። ጉልበታቸው አልታዘዝ ካላቸው ወዲህ መስኮት አጠገብ ወንበራቸው ላይ ነው የሚውሉት።

«ጩኸቷን መስማትዎ ካልቀረ እዚሁ እርስዎ ዘንድ ትዋል?»

«ውሻ አልወድም።»

«መውደድ የለብዎትም። ይቀመጡ ብቻ።»

«እሱንስ እችልበታለሁ» አሉና ሊቀበሏት እጃቸውን ዘረጉ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስመለስ ደረጃው ጸጥ ብሏል። በራቸው ገርበብ ብሎ ነበር። ፑፔት ጭናቸው ላይ ተጠቅልላ ተኝታለች፤ እሳቸው እንዳትነቃ ብለው ጋዜጣቸውን ወደ ላይ ከፍ አድርገው ይዘው፣ ክንዳቸው እየተንቀጠቀጠ ያነባሉ። ስገባ ፑፔት አንድ ዓይኗን ገለጠችና መልሳ ከደነችው።

«ምድጃው ላይ ሾርባ አለ» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «እኔ መነሳት አልችልም፤ ይኸው ታያለሽ።»

«እስከ እራት ትቆይ?»

«ትቆይ። ምን ቸኮለች?»

ትንሽ ከፋኝ፤ አልዋሽም። ያን ያህል ተሸክሜያት፣ እሳቸውን ለመልመድ አንድ ቀን እንኳ አልፈጀባትም። ሾርባውን ጠጣሁ፤ ሳህኑን አጠብኩላቸውና ወደ ቤቴ ወጣሁ። ወለሉ ላይ የሷ ፀጉር ነበር፤ መጥረግ ነበረብኝ፣ ተውኩት። ጫማዬን አወለቅሁና ገና በቀን ብርሃን ተኛሁ።