ባርኔጣውን ያወለቀ ጎዳና

ጉስታቭ ክሪገር ባዝራውን ከጋሪው ኋላ አስሮ እስከ አጥሩ በር ድረስ መጣና ስለ ዝናብ ማውራት ጀመረ።

«ዘንድሮ መሬቱ ቶሎ አልደረቀም፣ ወይዘሮ ቮርሂስ።»

«አልደረቀም» አለች ሄስተር። ክንዷን መዝጊያው ላይ አስደግፋ ባዝራዋን ታያለች። ጉራች ሴት ፈረስ ናት፤ አንድ የፊት እግሯ ብቻ ካልሲ ያጠለቀች ይመስል ነጭ ነው። ጆሮዋን ወደ ጋጣው አቁማ መሬቱን ትጭራለች። ጋጣው ውስጥ ያለው ሱልጣን ደግሞ ሽታዋ ደርሶት ሳንቃውን በኮቴው ይደልቃል። ሲያሽካካ እስከ ወንዙ ማዶ ይሰማል። ያልሰማ የመሰለው ክሪገር ብቻ ነው።

«በቆሎው ይዘገያል ማለት ነው።»

«ይዘገያል።»

«እህ... ሰው የለም?»

«እኔ አለሁ።»

«ማለቴ... ወንድ።»

«ወንዱማ ጋጣ ውስጥ ነው። አይሰሙትም እንዴ?»

የክሪገር ፊት እስከ አንገቱ ቀላ። ባርኔጣውን ነካ አድርጎ ደህና ይዋሉ አለና ጋሪውን አዞረ። ባዝራዋ መሄድ አልፈለገችም፤ አንገቷን ወደ ኋላ እየጎተተች፣ በገመዱ እየተሳበች ሄደች። ሄስተር ጋሪው ኮረብታውን እስኪያልፍ ቆማ አየች። በዚያ ሳምንት ስለ ዝናብ ሊያወሩ መጥተው የተመለሱት ብዙ ነበሩ።

የዘመን ቆጠራቸው 1911 የሚልበት ጸደይ ነበር፤ በአዮዋ፣ ዳንፎርዝ በምትባል ትንሽ ከተማ ዙሪያ። ባሏ ላይመን በጥር ወር በሳንባ ምች ሞቷል። ልጅ አልወለዱም። ከእሱ የቀራት እርሻው፣ ቤቱና ሱልጣን ነው። ሱልጣን ግራጫ የእርሻ ድንጉላ ነው፤ ገበሬዎች እየከፈሉ ባዝራቸውን የሚያስጠቁበት ወንድ ፈረስ፤ በወረዳው እሱን የሚያህል የለም። የሱ ውርንጭላዎች ጉራች ሆነው ይወለዱና እያደጉ ሲሄዱ ይነጣሉ፤ ማረሻ የሚጎትተውን ግራጫ ሁሉ «የቮርሂስ ዘር» ይሉታል።

በዚያ አገር ሴት ልጅ አሳማ ታርዳለች። ጥጃ በማኅፀን ሲጣመም እጇን እስከ ክንዷ አስገብታ ታወጣለች። ሬሳ ታጥባለች። ድንጉላና ባዝራ በሚገናኙበት ግቢ ግን አትቆምም። ባዝራ ስትመጣ እናቶች ሴት ልጆቻቸውን ጠርተው ወደ ቤት ያስገባሉ። ድንጉላ የሚለው ቃል ራሱ ሴት ባለችበት አይነሳም፤ ኮርማውንም «የላሞቹ ጌታ» ነው የሚሉት። ይህን ሁሉ ጨዋነት ብለው ይጠሩታል። በዚህ ጨዋነት የሚኮሩት ወንዶቹ ነበሩ፤ ዋጋውን የምትከፍለው ግን ሁልጊዜ ሌላ ሰው ናት።

ሱልጣንን ከጡት ከተለየ ጀምሮ ያሳደገችው ሄስተር ናት። ሆዱን ሲቆርጠው ልባቡን ይዛ ስታመላልሰው ያደረችው እሷ ናት። ላይመን ደግ ሰው ቢሆንም ቁጡ ነበር፤ ፈረሱም አይወደውም ነበር። ለሚመጡት ገበሬዎች ግን ሄስተር ከግቢው ውስጥ ኖራ አታውቅም። አሁን ላይመን ሲሞት ባዝራ ያለው ሰው ሁሉ ግራ ገባው፤ የሚነጋገረው ሰው አጣ። ድንጉላ ሥራው በጸደይ ነው። ይህ ጸደይ ባዶውን ካለፈ ሱልጣን መሸጡ ነው። ሱልጣን ከሄደ ደግሞ በዚያ ግቢ ድምጿን ሲሰማ ጆሮውን የሚያቆም ፍጡር አይኖርም።

ሊገዛው የቋመጠውም ሰው ሩቅ አልነበረም። ኦረን ትረምቡል ዳንፎርዝ ከተማ መሃል ሱቅ አለው፤ ማረሻ፣ ሚስማር፣ ዘርና የመብራት ዘይት ይሸጣል። እሱም በበኩሉ ድንጉላ ያረባል። ሄስተር ሚስማር ልትገዛ ስትገባ ምድጃውን ከበው ሲስቁ የነበሩት ወንዶች ዝም አሉ።

«ምን እያላችሁ ነበር?» አለች።

«ስለ አየሩ ነው፣ ወይዘሮ ሄስተር» አለ ትረምቡል።

«አየሩ ያስቃል እንዴ?»

አንዱ ሳል ያዘው። ትረምቡል ሚስማሩን እየመዘነ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ይስሙኝ፤ እንደ ወንድም ነው የምነግርዎ። ይሄ ሥራ እርስዎን የሚመጥን አይደለም። ፈረሱን ለኔ ይልቀቁልኝ። እዚህ ሱቁ ጀርባ አቆመዋለሁ፤ እርስዎም ከዚህ ሁሉ ያርፋሉ።»

«ከምኑ ነው የማርፈው?»

«ከ... ከነገሩ።»

«እኔን ያልመጠነኝ ነገር እርስዎን እንዴት መጠነዎት?»

«እኔማ ወንድ ነኝ።»

«የርስዎን ድንጉላ አይቼዋለሁ። የኋላ ጉልበቶቹ እየተሳሳሙ ነው የሚሄደው።»

ምድጃው ዘንድ ያሉት ሳቃቸውን ለመደበቅ ጎንበስ አሉ። ትረምቡል አልሳቀም። «እንግዲያው ሰው ይቅጠሩ።»

«ጠይቄያለሁ። አንዱን ሚስቱ ‹ባል የሌላት ሴት ግቢ ብቻህን አትውልም› አለችው። ሌላው ደግሞ ከፈረሱ ጋር እኔንም ካልደረበ እንደማይገባ ነገረኝ።»

አሁን ሳቁ አመለጣቸው፤ ወዲያው ግን አፈሩና አቀረቀሩ። ትረምቡል ሚስማሩን በወረቀት ጠቀለለላት። «ከፈረስ ቀን በኋላ ሰኞ እመጣለሁ። እስከዚያ ያስቡበት» አለ።

የፈረስ ቀን በሚያዝያ አንድ ቅዳሜ ይውላል። የድንጉላ ቀን ነው፤ ግን ማስታወቂያ ላይ እንዲህ ብሎ የሚጽፍ የለም። ባለድንጉላዎች ፈረሶቻቸውን እየሳቡ በዋናው መንገድ ያልፋሉ፤ ገበሬዎቹ ዳርና ዳር ቆመው አይተው ባዝራቸውን የት እንደሚወስዱ ይወስናሉ። ነጋዴዎቹ ቀኑን ይወዱታል፤ ለጸደይ የሚሸጡትን የሚሸጡበት ቀን ነውና። ሴቶቹ መንገዱ እስኪጸዳ ድረስ ቤተ ክርስቲያኑ ሥር ባለው አዳራሽ ዶሮ ይጠብሳሉ።

ሄስተር ሱልጣንን አጠበችው፤ ጋማውን በቀይ ጥብጣብ ጎነጎነች፤ ሰኮናውን ቅባት ቀባች። የሐዘን ልብሷን ለብሳ ልባቡን ራሷ ይዛ ወደ ከተማ ወረደች። መንገዱን ሙሉ መልስ ስታዘጋጅ ነበር። እንደሚስቁ፣ እንደሚያፏጩ፣ ነውረኛ እንደሚሏት ታውቃለች። ለያንዳንዱ ስድብ የሚሆን መልስ አላት፤ አንዳንዶቹ እንዲያውም እንዲሰድቧት የሚያስመኙ ነበሩ።

ከፊቷ የትረምቡል ፈረስ እያለፈ ነበር፤ መንገዱም በጩኸት ተሞልቷል።

«ኧረ ደረቱን እዩ! የጎተራ በር ነው እንዴ?»

«ትረምቡል! ለዚህ ፈረስ ወንበር ስጠው፤ መቆም ደክሞታል!»

«አፍህን ዝጋና ያንተን አህያ አምጣ!»

ሄስተር ጥጉን ዞራ ብቅ አለች። ጩኸቱ ተቋረጠ። መጀመሪያ አንድ ሽማግሌ ባርኔጣውን አወለቀ። ከዚያ ጎኑ ያለው። ከዚያ ወዲህም ወዲያም፣ እስከ መንገዱ ጫፍ ድረስ፣ ባርኔጣ ሁሉ ወረደ፤ ራስ ሁሉ አቀረቀረ። ላይመን ሲቀበር የቆሙት አቋቋም ነበር። አንዱ ለገዛ ጫማው «እንደምን አደሩ፣ ወይዘሮ ቮርሂስ» አለ።

ለስድብ ተዘጋጅታ መጥታ አክብሮት ገጠማት። ለአክብሮት ደግሞ ምንም መልስ አልነበራትም።

ሱልጣን እንደዚያ ቀን አምሮበት አያውቅም። አንገቱን ቀስት አድርጎ፣ ከባድ እግሮቹን ጭቃው ውስጥ እየተከለና እየነቀለ ይራመዳል። ያን ሁሉ ውበት ቀና ብሎ የሚያይ አንድ ሰው የለም። ከተማው ሙሉ ባዝራ ያለው ወንድ ነው፤ ሁሉም ጭቃ ያያል። ሄስተር መንገዱ መሃል ቆመች።

«ቀና በሉ!» ብላ ጮኸች። «ምን ሆናችኋል? እኔን አትዩ፤ ፈረሱን እዩ! ለዚህ አይደል እንዴ የመጣችሁት?»

ራሶቹ ይባስ ዝቅ አሉ። «ምስኪን፣ ሐዘኑ ነው» ሲል የሆነ ሰው ሰማች። ፈረሶቹን እንዲመዝን ከእርሻ ኮሌጅ የተጠራው ዳኛ፣ ስለ ሌሎቹ ድንጉላዎች ደረትና ዳሌ ሲያወራ ድምፁ የማይያዝ ሰው፣ ጉሮሮውን ጠረገ። «ሱልጣን። ግራጫ። እ... ጥሩ ጋማ አለው» አለና የመዝገቡን ገጽ ገለበጠ። የአንደኝነቱ ጥብጣብ ለትረምቡል ፈረስ ታሰረለት።

ሱልጣንን ደጅ አስራ አዳራሹ ስትገባ ሴቶቹ ወደሚጠበሰው ዶሮ ዞሩ። የትረምቡል ሚስት ሎቲ ክንዷን ይዛ ወደ ጥግ ወሰደቻት። «አንቺ ሴት፣ ምን ነካሽ? ያ ሁሉ ወንድ መሃል!»

«ወንድ አላየሁም፣ ሎቲ። ባርኔጣ ብቻ ነው ያየሁት።»

ዶሮ አቀረቡላት፤ ትልቁን ብልት መርጠው፤ ወንበርም ከጠረጴዛው ጫፍ ሰጧት። ምን እንደሆነች የጠየቃት ግን የለም። በልታ ሳትጨርስ ተነስታ ፈረሷን ይዛ ወደ ቤቷ ሄደች።

ሰኞ ጎህ ሲቀድ ውኃ ልትቀዳ ስትወጣ በአጥሩ በር ላይ ባዝራ ታስራለች። ጉራች፣ አንድ እግሯ ነጭ። ከሥሯ አንድ ከረጢት አጃ ተቀምጧል። ጋሪም ሰውም የለም። ሄስተር ባልዲውን እንደያዘች መንገዱን ላይና ታች አየች፤ ከዚያ የባዝራዋን አንገት ዳሰሰች፤ ቀስ ብሎ ገባት።

ዓይናቸውን መሬት ላይ ጥለው የቆሙት ሰዎች ያዩት የሱልጣንን እግር ነው። የእርሻ ፈረስ ደግሞ የሚመረጠው በእግሩ ነው። ያን ያህል ሰፊ ሰኮና፣ ያን የመሰለ ቀጥ ያለ ቅልጥም፣ ያለጩኸትና ያለወሬ ካጠገባቸው ሲያልፍ ከሌላው ፈረስ ሁሉ አብልጠው አይተውታል። እሷን መለመን ግን አይችሉም። ስለዚህ በጨለማ አስረው ሸሹ።

ባዝራዋን ላይመን ለዚሁ ሥራ ከሠራው የግንድ አጥር ኋላ አሰረቻት፤ ሱልጣንን አወጣች፤ ሥራውን ብቻዋን ጨረሰች። ትረምቡል በሠረገላው ሲደርስ እጇን እየታጠበች ነበር።

«ይቺ የማን ናት?»

«አላውቅም። ያመጣት ሰው ስሙን አልነገረኝም።»

«የክሪገር ናት እንጂ! ያ እግሯ ነጭ የሆነው!»

«እንግዲያው ክሪገርን ይጠይቁት። ስለ ዝናብ ይነግርዎታል።»

«ፈረሱስ?»

«አይሸጥም። ጥብጣቡን ግን እንኳን ደስ አለዎት።»

ትረምቡል ሠረገላውን አዞረ። ሄስተር ጋጣው በር ላይ ተቀምጣ ሳቀች። ስትስቅ የሰማት ሱልጣን ብቻ ነበር፤ ጆሮውን አቆመ።

ከዚያ በኋላ ባዝራ ያልታሰረበት ማለዳ ጥቂት ነው። ጎህ ሳይቀድ ያመጧታል፤ ሲመሽ ይወስዷታል። በሩ ላይ አጃ፣ የተጨሰ ሥጋ፣ አንዳንዴም ለሱልጣን አዲስ ልባብ ይቀራል። እሁድ በቤተ ክርስቲያን እነዚያው ሰዎች እጅ እየነሱ ሰላም ይሏታል፤ በቆሎው ጥሩ መያዙን ይነግሯታል። አንድም ሰው የፈረሱን ስም አያነሳም። አንድ ቀን ጎህ ሳይቀድ በሩ ዘንድ ቆማ ጠበቀች። ክሪገር ሌላ ባዝራውን እየሳበ ከጉም ውስጥ ወጣ።

«ይግቡ፣ አቶ ክሪገር። ዳቦ ካሁን አሁን ከምድጃ ይወጣል» አለችው።

ሰውዬው እጅ ከፍንጅ እንደተያዘ ሌባ ደነገጠ። ዝናቡ ሳይመጣ አይቀርም አለና ባዝራውን እንደያዘ ተመለሰ። ሁለት ሳምንት ድምፁ ጠፋ። ከዚያ ወዲህ ሄስተር ማለዳ ከቤት መውጣት ተወች።

የወረዳውን ወሬ ከባዝራዎቹ ታነባለች። አንገቷ በማነቆ የተላጠችው ቤት አዲስ መሬት እየታረሰ ነው። ጋማዋ በቀጭን የተጎነጎነችው ቤት ደግሞ ሴት ልጅ አድጋለች፤ ካልሆነም አዲስ ሙሽራ ገብታለች። የትኛዋ ናት? ከየት ናት? ጥያቄው በያለበት ተከምሯል፤ የሚጠየቅ የለም። ሱልጣን አልተሸጠም። ያሰበችው ሆኗል።

የሰኔ መጨረሻ ላይ የወቅቱ የመጨረሻ ባዝራ ሳትወሰድ መሸባት። ሄስተር የቤቱ ደረጃ ላይ ተቀምጣ አተር እየፈለፈለች ነበር። ቀና ስትል መንገዱ ማዶ፣ ከዛፉ ሥር፣ አንድ ሰው ቆሟል። ማን እንደሆነ አይለይም። ፒፓ ያጨሳል፤ ጭሱ ከቅጠሉ በታች ይንሳፈፋል። እስክትገባ እየጠበቀ ነው።

ልትጠራው አፏን ከፈተች፤ ተወችው። ከጠራችው ይሄዳል። ካልገባች ግን የትም አይሄድም፤ ባዝራውን ትቶ መሄድ አይችልም። አተሩ አለቀ። ባዶውን ልጣጭ እንደገና አንስታ ቀስ እያለች መፈልፈል ያዘች። እሱም ፒፓውን አራግፎ ሞላ። አንድ ጊዜ ሳለ፤ እሷም ጉሮሮዋን ጠረገች። ሜዳው ሰማያዊ ሆነ፤ የአጥሩ እንጨቶች እየተደበላለቁ ሄዱ። ላይመን ከሞተ ወዲህ ይህን ያህል ጊዜ አብሯት የቆየ ሰው አልነበረም።

ከኮረብታው ወዲያ ላሞች ሲጮኹ ተሰማ። ጡታቸው ሞልቷል፤ የሚያልባቸው ሰው እዚህ ዛፍ ሥር ቆሟል። ሄስተር ልጣጩን ከቀሚሷ አራገፈች፤ ተነሳች፤ ገብታም እንዲሰማው አድርጋ በሩን ዘጋች።